ተቀባዩ የት ሔደ? በሽንፋ ስለሚሰማው የተቀላቀለ ዘፈን

በአንድ የሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የወረድነው ስለ ሪሚክስ ልንጽፍ አልነበረም። አሳባችን የአጫጆችን የሥራ ዘፈን መሰብሰብ ነበር። ይሁን እንጂ ሽንፋ በደረስን በመጀመሪያው ማታ፣ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ልንሰበስበው የመጣነው ዘፈን ከእኛ ቀድሞ ደርሶ በድምፅ ማጉያ ሲጮኽ ሰማነው። ከሥሩ የኤሌክትሪክ ከበሮ ተገጥሞለት ነበር። ባለመሰንቆው አንድ ስንኝ ይጀምርና ሳይጨርሰው ይቈረጣል፤ ያው ስንኝ አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ በመካከሉ አንድ ጐርናና ድምፅ የቀላቃዩን ስም ይጠራል፤ ከዚያም ከበሮው ብቻውን ይሔዳል። ወጣቶቹ እየሰሙ ትከሻቸውን ያነቃንቁ ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ «ይኸ እኮ ዘፈኑን ገደለው» አለ። ሌላው ደግሞ «ባይገድለው ኖሮ እዚህ ማን ይሰማው ነበር?» ሲል መለሰለት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ልጅ ነው።

ሽንፋን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። ሽንፋ በመተማ ወረዳ የምትገኝ የቆላ ከተማ ስትሆን፣ ስሟን የምትጋራው ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ራሀድ ይባላል። ወንዙ ስም በመለወጡ ውሃው ሌላ ሆነ የሚል ሰው የለም። በአካባቢው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረታል፤ የጉሙዝ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚኖርበት አገርም ነው። ሰሊጥ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ስለሚረግፍ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከወሎና ከሌላውም አገር እጅግ ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል። እነዚህን ወራት ጠብቀው የሚመጡትን ሠራተኞች የአገሩ ሰው ሳሉግ ይላቸዋል። ሳሉግ ማጭድና ነጠላ ብቻ ይዞ አይወርድም፤ የአገሩን ዜማ ይዞ ይወርዳል። በአንድ ማሳ ላይ የጎጃሙ አውጥቶ የወሎው ይቀበላል፤ የወሎው ባወጣ ጊዜ ደግሞ የጎንደሩ ቃሉን በራሱ አገር ቃል ለውጦ ይቀበላል። ስለዚህ ዘፈን መቀላቀል ወደ ሽንፋ በስልክ የመጣ አዲስ ነገር ነው ብሎ መጀመር ስሕተት ይሆናል።

ድንበሩም እንዲሁ ነው። የኦምዱርማን ራዲዮ በ1940 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ የሱዳን ዘፈን በሞገድ ይሻገራል። የሱዳንም የእኛም ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ዐረብኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ መሐመድ ወርዲን (1932–2012 እ.ኤ.አ.) ሲሰማ ቃሉ ባይገባው ዜማው ይገባዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ ዮሐንስ በኩል የገባው ስደተኛ ከንብረቱ ሁሉ ያተረፈው ብዙ ጊዜ ስልኩን ነበር፤ በስልኩም ውስጥ ዘፈን ነበር።

እንግዲህ ዘፈኑ በሽንፋ እንዴት እንደሚዛመት እንመልከት። በአዲስ አበባ የሚኖር ተማሪ ዘፈን የሚያገኘው በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ እንደሆነ ያስባል። በሽንፋ ግን ዋናው ድልድይ የጥፍር ያህል መጠን ያላት ሚሞሪ ካርድ ናት። ስልክ የሚጠግንና ባትሪ የሚሞላ ሱቅ ዘፈንም ይጭናል፤ ደንበኛው ካርዱን ይሰጣል፣ ጥቂት ብር ይከፍላል፣ «የጭፈራ ጫንልኝ» ወይም «የሱዳን ጨምርበት» ይላል። ባለሱቁ ወደ ከተማ በሔደ ጊዜ ወይም መስመሩ በሠራ ሰዓት ከኢንተርኔት ያወረደውን ይጭንለታል። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና በመሳሰለው ያለ ኢንተርኔት ይሔዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ዘመንም ካርዷ ሥራዋን አላቋረጠችም። ከማሳ የመጣ ሳሉግ ካርዱን አስሞልቶ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ ወቅቱ ሲያበቃ ደግሞ ያንኑ ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል።

የአንድ ፈቃደኛ ወጣት ካርድ ከፍተን አየን። ከመቶ የሚበልጡ ዘፈኖች ነበሩበት። የፋይሎቹ ስም ግን «ትራክ 07»፣ «አዲስ የጎንደር ጭፈራ ምርጥ»፣ «ባህላዊ ነን ስቶፕ 3» የሚል ነበር። ድምፃዊውን፣ ገጣሚውን ወይም አቀናባሪውን የሚናገር እምብዛም አልነበረም። ስሙ ሳይጠፋ የቀረ አንድ ሰው ግን ነበር፤ እርሱም ቀላቃዩ ነው። በየዘፈኑ መካከል «ዲጄ እገሌ» እያለ ያስጮኻልና! የስም ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከቀላቃዩ የበለጠ የሚያውቅ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ትችታችን እንግባ። በዚህ ጉዳይ ላይ በተማሪዎች ዘንድ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን ሪሚክስ ባህልን ያበላሻል፣ የጥንቱ እንደነበረ መቀመጥ አለበት ይላል። ሁለተኛው ወገን ወጣቱ የወደደው ሁሉ ሕያው ባህል ነው፣ ተቺ ዝም ይበል ይላል። የመጀመሪያው ወገን የጥንቱ ዘፈን ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ዘንግቶአል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪውም ያን ግጥም ተቀብሎ በራሱ ዜማ ውስጥ አግብቶ ይዘፍነዋል። ዜማው የቀደመ ነው፤ ግጥሙ የእንግዳው ነው፤ አኳኋኑ የአዝማሪው ነው። ከዚህ የበለጠ ቅልቅል ከወዴት ይመጣል? ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ውስጥ ሰጪው ተቀምጦ ይሰማል። አዝማሪው ቃሉን ቢያጣምምበት ያርመዋል፤ ቢያሳምርለት ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፤ የተነካ ሌላ እንግዳም ካለ ተነሥቶ በሌላ ግጥም ይመልሳል። ሁለተኛው ወገን የዘነጋው ይህን ነው። ሕያው ማለት መልስ የሚቀበል ማለት ነውና።

በዚያ ማታ የሰማነውን ቅልቅል ደግመን ደጋግመን ካዳመጥነው በኋላ ቅር ያሰኘን ከበሮው አለመሆኑን ተረዳን። ከበሮው እንዲያውም በጥሩ እጅ የተሠራ ነበር፤ የእስክስታውን አካሔድ የሚያውቅ ሰው እንደመታው ያስታውቃል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። የሥራ ዘፈን ሁለት እግር አለው፤ አንዱ አውጪው፣ ሁለተኛው ተቀባዩ ሕዝብ ነው። አውጪው ስንኙን ጥሎ ትንፋሽ ሲወስድ ተቀባዮቹ ይሞሉታል፤ እርሱም በዚያች ፋታ የሚቀጥለውን ያስባል። ቀላቃዩ ያደረገው የአውጪውን አንድ ስንኝ ቈርጦ፣ የተቀባዮቹን ድምፅ ጥሎ፣ በተቀባዮቹ ስፍራ ያንኑ የአውጪውን ስንኝ መልሶ ማስገባት ነው። ሰውየው ለራሱ ጥያቄ ራሱ ይመልሳል፤ አራት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ፣ ዐሥራ ስድስት ጊዜ። ጆሮ ይህን የሚቀበለው ምቱ ስለሚያንገላታው ነው እንጂ፣ ዘፈኑ ከጨዋታ ወደ ጩኸት እንደተለወጠ ልብ ይሰማዋል። በካርዱ ላይ በነበረ ሌላ ቅልቅል ደግሞ ቀረርቶ ተወስዶ ነበር። ቀረርቶ የሚሔደው በተቀራሪው ትንፋሽና ቍጣ እንጂ በቍጥር አይደለም፤ አንዱን ቃል ያረዝማል፣ ሌላውን ይወረውራል። ቀላቃዩ ግን ረዥሙን ሁሉ አሳጥሮ አራት በአራት በሆነ ሳጥን ውስጥ ስለከተተው፣ ፉከራው እንደ ማስታወቂያ ሆኖ ቀረ። እነዚህን ሁለቱን መጥፎ ሥራ ናቸው ለማለት አንፈራም። መጥፎ ያሰኛቸው ግን የተነካ ዘፈን መሆናቸው ሳይሆን፣ የነካው ሰው የዘፈኑን አሠራር ሳይሰማ መንካቱ ነው።

ለማነጻጸር ወደ ታወቁት ሥራዎች እንሻገር፤ የተረሳ ድምፅ በሌላ እጅ ሲነሣ የተለያየ ዕድል እንደሚገጥመው ያሳዩናልና። ዐምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ዐምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም የሸክላ ኅትመት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ እርሱ ያንን ደፍሮ አለፈ። በዚያ ዘመን ከተቀረጹት መካከል የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ይገኛል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ኅትመት በ1998 እ.ኤ.አ. አራተኛውን ቅጽ ለሙላቱ ሰጠው፤ ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ አሰማ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ናስና ዳሚያን ማርሊ ከ«የግሌ ትዝታ» ቅንጫቢ ወስደው «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈን ሠሩበት። ይህን የመጨረሻውን ከሽንፋው ጋር አስተያይተን ስንሰማው የገረመን ነገር አለ። ሁለቱ ድምፃውያን አንድ አንድ መስመር እየተወራወሩ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ ነው የሚሔዱት። ቃሉ እንግሊዝኛ፣ ሰዎቹም አንዱ ከኒው ዮርክ አንዱ ከጃማይካ ሲሆኑ፣ አውጪና ተቀባይ በዚያ ዘፈን ውስጥ አሉ። ከሰሊጥ ማሳ የተወሰደው ዘፈን ተቀባዩን አጥቶ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ የተወሰደው በባዕድ አገር ተቀባይ አገኘ ማለት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ኦ ኖ የተባለው አሜሪካዊ ሙሉ አልበም በኢትዮጵያ ቅንጫቢዎች ሠርቶአል። ምቱ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቅንጫቢ ትርጉሙን ሊገልጥ ሲል ሌላው ስለሚተካው፣ ብዙ በር ያለው ግን ማረፊያ ክፍል የሌለው ቤት ይመስለናል።

ከሁሉ የበለጠ ልናተኵርበት የሚገባን ግን የኃይሉ መርጊያ ነገር ነው፤ ለአገራችን ክፍልም ቅርብ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ አኮርድዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መኪና ጋር ብቻውን ደራርቦ የነባር ዜማዎች ካሴት ሠራ፤ ካሴቱም በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ። እንግዲህ ይህ ራሱ ቅልቅል ነው፤ አንድ ሰው የቀደመውን ዜማ ወስዶ በዘመኑ መኪና ያደሰው ነው። ካሴቱ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አገኘው። ሺምኮቪትዝ በኢንተርኔት የአፍሪካን ካሴቶች የሚያሰማ ሰው ነበር። ካሴቱን ወስዶ ዝም ብሎ ቢያሰራጨው የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን ባለቤቱን ፈለገ፤ ኃይሉንም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ አገኘው። ኃይሉ በአውሮፕላን ማረፊያው ደንበኛ እየጠበቀ ሳለ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በስምምነታቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ድምፁ ከባሕር ዳር ሱቅ ወጥቶ በኢንተርኔት ዓለምን ዞረ፤ መልሱ ግን ወደ ሰውየው ደጅ መጣ። አዲሱ አልበም ያ መልስ ባይመጣ ኖሮ ይሠራ ነበር ብሎ ለማመን እንቸገራለን።

በአገር ውስጥም መንገዱን የሚያውቁ አሉ። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የነባሩን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲያቀናብሩ ከምቱ ይልቅ ለዝምታው ይጠነቀቃሉ፤ የሚካኤል «ዘላለም» (2016 እ.ኤ.አ.) ለዚህ ምስክር ነው። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» የጭፈራ ቤቱን ምትና የአገር ቤቱን ድምፅ አጋብቶ ሰፊውን ወጣት አስከተለ። በሽንፋ ባየነው ካርድ ላይ የሮፍናን ዘፈን ነበረ፤ በስሙም ተጽፎ ነበር። የታወቀ ሰው ስም ከካርድ ወደ ካርድ ሲተላለፍ አይጠፋም። የሚጠፋው ሳይታወቅ የተቀረጸው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቍጥር 872/2007 ተሻሽሎአል። አዋጁ ደራሲ ደራሲነቱ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል፤ ከዋኞችንም ይጠብቃል። ዩቲዩብም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድምፅን አሻራ እየለየ ባለቤቱን የሚያውቅ መሣሪያ አለው፤ ባለቤቱም ዘፈኑን ሊያግድ ወይም ከማስታወቂያው ገቢ ሊያገኝበት ይችላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀው የተመዘገበለትን ብቻ ነው። በማሳ ዳር በስልክ የተቀረጸች አውጪ ማን ዘንድ ተመዝግባለች? ቲክቶክ ላይ ከሆነ ነገሩ ያስቃል። አንድ ሰው ቪዲዮ ሲለጥፍ መተግበሪያው ድምፁን በለጣፊው ስም «ኦሪጅናል ሳውንድ» ብሎ በራሱ ጊዜ ይሰይመዋል። መንገድ ዳር ቆሞ የቀረጸ አላፊ አግዳሚ በአንድ ሌሊት የዘፈኑ ምንጭ ተብሎ ይሾማል፤ ከእርሱ በኋላ የሚወስዱት ሺሕ ሰዎችም የሚያመለክቱት ወደ እርሱ ነው።

ቢሆንም ለኢንተርኔቱ ፍትሕ መንፈግ አንፈልግም። በቲክቶክ ዱዌት የሚባለው አሠራር አንዱ የጀመረውን ሌላው ጎን ለጎን ሆኖ እንዲቀበለው ያደርጋል፤ የመጀመሪያውም ሰው ስም ከሥሩ ይቀመጣል። «ተቀበል» ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ በመስመር ላይ፣ ቢያጥርም፣ የመመለሻ መንገድ አለ። መንገዱ የሚቈረጠው ዘፈኑ ከመስመር ወርዶ ካርድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ ስሙም፣ አስተያየቱም፣ አድራሻውም ወድቆ ድምፁ ብቻ ይቀራል። የሽንፋ ሰው ደግሞ ዘፈን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከመጨረሻው ጫፍ ነው። ዘፈኑ የተወሰደው ከእርሱ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ሲመለስለት ግን እንደ ባዕድ ዕቃ ገዝቶ ያስጭነዋል።

አንዳንድ ሰዎች ሪሚክስን በአማርኛ ቅልቅል ይሉታል። ቃሉን ማን እንደጀመረው አናውቅም፤ ምርጫው ግን መልካም ነው። በሠርግ ሥርዓታችን ቅልቅል የሚባለው የሙሽራውና የሙሽሪት ወገኖች በአንድ ማዕድ የሚገናኙበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ማን የማን ወገን እንደሆነ ሁሉም ይተዋወቃል፤ የአንዱ ወገን ስም ተደብቆ የሚደረግ ቅልቅል የለም።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ቀላቃዮቹን ብቻ ለመክሰስ እንዳልሆነ በግልጽ መናገር አለብን። ከሽንፋ ተመልሰን ማስታወሻ ደብተራችንን በገለጥን ጊዜ ያገኘነው አሳፈረን። ከቀዳናቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ ሥር «የአጨዳ ዘፈን፤ ሕዝባዊ፤ ሽንፋ» ብለን ጽፈናል። የአውጪዎቹን ስም አልጠየቅንም። ለምን? ሕዝባዊ ዜማ ባለቤት የለውም የሚል ትምህርት ከክፍል ይዘን ወርደን ነበርና። ከዚህ አንጻር በእኛ ደብተርና «ትራክ 07» በሚለው ፋይል መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ጽሕፈት ብቻ ነው። እንዲያውም ቀላቃዩ ዘፈኑን ለሽንፋ ሰው መልሶአል፤ እኛ ግን ይዘነው አዲስ አበባ ገባን። በደብተራችን የሰፈረ አንድ የጉሙዝ ዘፈን አለ፤ በምን ጊዜ እንደሚዘፈን እንኳ አልጻፍንም። ያን ዘፈን አንድ ቀን ከበሮ ገጥሞ የሚያሰራጨው ሰው ቢነሣ በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

ለመሔድ በተነሣንበት ጧት ያን የመጀመሪያውን ቅልቅል ለባለሱቁ አሰማነውና ዘፋኙ ማን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅነው። ወጣቱ ከበሮውን ችላ ብሎ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ጥቂት አዳመጠ። ባለመሰንቆውን አላውቀውም አለን። ነገር ግን ከመጨረሻው አካባቢ፣ ቀላቃዩ መቍረጥ የረሳት አንዲት የተቀባይ ድምፅ ሁለት ቃል ያህል ብቅ ብላ ትጠፋለች፤ እኛ ያን ያህል ደጋግመን ስናዳምጥ አላስተዋልናትም ነበር። «ይችን አውቃታለሁ» አለ፤ «በገበያ ቀን ቅመም ይዛ ትመጣለች።» የገበያው ቀን በማግሥቱ ነበር። መኪናችን ግን ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀን ነበርና ተሳፈርን።